በጉባኤ ውስጥ ዝምታ ስምምነት ነውን?

ብዙ ሰዎች ተማክረው የሚሰጡት ውሳኔ አንድ ሰው ብቻውን ከሚሰጠው ይሻላል ብለን ሁላችንም እናምናለን። ይህ እውነት የሚሆነው ግን እያንዳንዱ መካሪ የሚያውቀውን የተናገረ እንደ ሆነ ነው። ነገሩን ለመረዳት ከፖለቲካና ከንግድ ሥራ ምሳሌ እንውሰድ። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1961 ዓ. ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ 1,400 ያህል የኩባ ስደተኞች በአገራቸው መንግሥት ላይ እንዲዘምቱ ፈቀዱ። ዘመቻው በሦስት ቀን ከሸፈ፤ ከ1,100 የሚበልጡትም ተማረኩ። ከአማካሪዎቹ አንዱ፣ የታሪክ ሊቁ አርተር ሽሌሲንገር፣ ዕቅዱን በጽሑፍ ተቃውመው ነበር፤ በስብሰባው ላይ ግን ዝም አሉ። የሥነ ልቡና ምሁሩ ኢርቪንግ ጃኒስ በ1972 ዓ. ም. ባወጡት መጽሐፍ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ እርስ በርሳቸው የሚከባበሩ ሰዎች አንድነታቸው እንዳይፈርስ ስለሚሠጉ፣ እያንዳንዱ የሌላውን ዝምታ እንደ ስምምነት ቈጥሮ ጥርጣሬውን በልቡ ይሰውራል ይላሉ።

በጥቅምት 1962 ዓ. ም. የሶቪየት ሚሳይሎች በኩባ በተገኙ ጊዜ ግን ኬኔዲ ሌላ መንገድ ያዙ። አማካሪዎቻቸው ሳይፈሩ እንዲከራከሩ ሲሉ ከአንዳንዱ ስብሰባ ራሳቸው ቀሩ። በመጀመሪያ ብዙዎች በአውሮፕላን መደብደብን ይመርጡ ነበር፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ግን ኩባን በመርከብ መክበብ ተመረጠ። በድርድርም ሚሳይሎቹ ተነሡ፤ ጦርነቱም ቀረ።

በንግድ ሥራም እንዲሁ ነው። በጃንዋሪ 1986 ዓ. ም. ለቻሌንጀር መንኰራኵር ሮኬት የሠራው የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ መሐንዲሶች፣ የመጋጠሚያው ጎማ በብርድ ስለሚደርቅ መንኰራኵሩ እንዳይነሣ መክረው ነበር። በመጨረሻ ግን አራት ሥራ አስኪያጆች ብቻ ድምፅ ሰጥተው ፈቀዱ። በማግሥቱ መንኰራኵሩ በተነሣ በ73 ሰከንድ ተሰባበረ፤ ሰባት ሰዎችም ሞቱ። በዚህ ጊዜ የጐደለው ተናጋሪ ሳይሆን ሰሚ ነበር።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። ሰብሳቢው የራሱን አሳብ አስቀድሞ አይግለጥ። ዕቅዱን እየተቃወመ የሚመረምር አንድ ሰው ይመደብ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊትም ዝም ያለው ሁሉ፣ ይልቁንም ሥራውን በእጁ የሚያውቀው፣ በስሙ ተጠርቶ ይጠየቅ። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን የተሳሳተ ውሳኔን ማረም ከዚህ የበለጠ ጊዜ፣ ገንዘብና ሕይወት ይፈጃል።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ዛሬ በተማሪዎች ማኅበር፣ ነገ በኩባንያና በመሥሪያ ቤት ለምክር የምንቀመጥ እኛ ግን፣ በጉባኤ ውስጥ ይህ ወርቅ ዕዳ ሊሆን እንደሚችል እናስብ።