ሁለት ጊዜ የተቀበረው ቻርሊ ቻፕሊን

ቻርሊ ቻፕሊን አሜሪካዊ አልነበረም። ስሙ በተነሳ ቁጥር «ያ የአሜሪካው ቀልደኛ» ማለት ተለምዷል፤ አንዳንዱ ደግሞ ዲዳ ነበር ብሎ ይጨምርበታል። ዲዳም አልነበረም። ለንደን ተወልዶ፣ አርባ ዓመት ገደማ አሜሪካ ሠርቶ፣ ዜግነቷን ሳይወስድ የወጣና ስዊዘርላንድ የተቀበረ እንግሊዛዊ ነው። ይህ ካልታወቀ የመቃብሩ ታሪክ አይገባም።

የተወለደው በ1889 ነው፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። እናትና አባቱ የመድረክ ዘፋኞች ነበሩ። ልጁ በሰባት ዓመቱ የድሆች መጠለያ ገባ፤ በኋላም እናቱ አእምሮዋ ታወከ፤ አባቱን መጠጥ ቀጠፈው። በ1913 ኪስቶን ከተባለው የፊልም ድርጅት ጋር በሳምንት 150 ዶላር ተዋዋለ፤ በ1916 ክፍያው በዓመት 670,000 ዶላር ደርሶ ነበር።

ያ ሰፊ ሱሪና ጠባብ ኮት፣ ክብ ባርኔጣ፣ ከእግር የሚበልጥ ጫማና የቀርከሃ ከዘራ በ1914 ፊልም ላይ ታየ። የለበሰው ቤት አልባ ሰው ግን የክብር ሰው ነው። በ1925ቱ «የወርቅ ጥድፊያ» በረዶ ውስጥ ተርቦ የገዛ ጫማውን ቀቅሎ ይበላል። ማሰሪያውን እንደ ፓስታ በሹካ ይጠቀልላል፤ ምስማሩን እንደ ዶሮ አጥንት ይመጠምጣል። ፊቱ ላይ ማፈር የለም፤ ግብዣ ላይ የተቀመጠ ጌታ ነው። ጫማው የተሠራው ሊኮሪስ ከሚባል ጥቁር ከረሜላ ነበር።

ዓባይ በረሃን የወጣ አውቶቡስ ደጀን ለምሳ ሲቆም በስልክ የቻፕሊንን ቁራጭ እያዩ የሚስቁ ተሳፋሪዎች አይጠፉም። ሳቁ ደግ ነው። ጥፋቱ ፊልሙን የሚቆራርጡት፣ ፍጥነቱን የሚጨምሩትና የማይገናኝ ዘፈን የሚለጥፉበት ሰዎች ነው። የድምፅ አልባው ዘመን ካሜራ በእጅ ይዞር ስለነበር በሰከንድ የሚቀርጸው ምስል ብዙ ጊዜ ከ24 ያንሳል፤ በ24 ሲታይ ሰው ሁሉ የሚሯሯጥ ይመስላል። ሌላ ፍጥነት መጨመር ትወናውን መግደል ነው። ሙዚቃውንም ቢሆን ከ1931ዱ «የከተማ መብራቶች» ጀምሮ ራሱ ቻፕሊን ይደርስ ነበር።

በሴፕቴምበር 1952 ከነቤተሰቡ በመርከብ ወደ ለንደን ሲጓዝ የአሜሪካ መንግሥት የመመለሻ ፈቃዱን ሰረዘበት። ኮሚኒስት ነው ይሉት ነበር፤ ዜግነት አለመውሰዱም ከክሶቹ አንዱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በጄኔቫ ሐይቅ ዳር፣ ቬቬ ከተማ አጠገብ ኮርሲዬ በምትባል መንደር ቤት ገዛ። አሜሪካን እንደገና የረገጠው በ1972 የክብር ኦስካር ለመቀበል ነው፤ አዳራሹ ቆሞ 12 ደቂቃ ያህል አጨበጨበለት። በ1977 በፈረንጆች ገና ዕለት በ88 ዓመቱ አረፈና በመንደሩ መቃብር ተቀበረ።

በማርች 1978፣ ከ1ኛው ቀን ለ2ኛው አጥቢያ፣ ሬሳው ከነሳጥኑ ተሰረቀ።

ቆይቶ ስልክ ተደወለ። ሌቦቹ 600,000 ዶላር መጠየቃቸው በሰፊው ተዘግቧል። ባለቤቱ ኡና ግን አልከፍልም አለች፤ ቻርሊ ቢኖር ነገሩ መሳቂያ ይሆንበት ነበር ባይ ነበረች። ሌቦቹ በልጆቿ ላይ ሲዝቱም አቋሟን አልለወጠችም። ፖሊስ የቤቱን ስልክ ጠለፈ፤ በሎዛን አካባቢ 200 ያህል የሕዝብ ስልኮችን መጠበቅ ጀመረ። በሜይ ወር ሮማን ቫርዳስ የተባለ ፖላንዳዊና ጋንቾ ጋኔቭ የተባለ ቡልጋሪያዊ ተያዙ። ሁለቱም የመኪና መካኒኮች፣ ሁለቱም ስደተኞች ነበሩ፤ ገንዘቡን የፈለጉት ጋራዥ ለመክፈት ነው። ሳጥኑ ከሐይቁ ጫፍ ራቅ ሳይል፣ ኖቪል በምትባል መንደር በቆሎ ማሳ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። ከመቃብሩ ከወጣ 11 ሳምንት ሆኖት ነበር። ቫርዳስ አራት ዓመት ተኩል ተፈረደበት፤ ጋኔቭ በገደብ 18 ወር።

ቻፕሊን ወደዚያው መቃብር ተመለሰ፤ በዚህኛው ቀብር ግን ኮንክሪት ተሞላበት። ኮንክሪቱን ያመጣው ስርቆቱ ነው። በ1991 ኡናም ጎኑ ተቀበረች። የኖሩበት ቤት ከ2016 ጀምሮ ሙዚየም ነው።

ለምሥራቅ ጎጃም ሰው ቻፕሊን ሌላም ዝምድና አለው። በላይ ዘለቀና የቢቸና አርበኞች ከሙሶሊኒ ጦር ጋር ሲዋጉ፣ በኦክቶበር 1940 «ታላቁ አምባገነን» ኒውዮርክ ላይ ታየ። ቻፕሊን ሂትለርን አስመስሎ ይሠራል፤ ጃክ ኦኪ ናፓሎኒ በሚል ስም ሙሶሊኒን ይሆናል። ሁለቱ ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና አንዱ ከአንዱ ለመብለጥ ወንበሩን ከፍ፣ ከፍ እያደረጉ ጣሪያ ሊነኩ ይደርሳሉ። ዲዳ ነበር የተባለው ሰው ደግሞ መጨረሻው ላይ በገዛ ድምፁ ለደቂቃዎች ይናገራል። ቻፕሊንን ማወቅ የሚፈልግ የደጀን ወጣት በዚህ ፊልም ይጀምር። ሁለት ሰዓት ጥቂት ያለፈ ነው፤ ሳይቆረጥ፣ ሳይፈጥን ይታይ።