አሮጌ ኮምፒውተር የሚከብረው መቼ ነው?

ያረጀ ዕቃ ሁሉ ውድ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ጥቂት አይደለም። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ከወላጆቹ ቤት ዕቃ መካከል የቆየ የቤት ኮምፒውተር ያገኘ ሰው፥ ስለ አፕል አንድ የሰማው ወሬ ትዝ ይለውና ባንድ ጊዜ የከበረ ይመስለዋል። ወሬውስ እውነት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 በ666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው ይህ መሣሪያ፥ በ2014 ኒውዮርክ ላይ በሐራጅ 905 ሺህ ዶላር አውጥቷል።

ታዲያ ይህን ዋጋ ያመጣለት ዕድሜው ነውን? አይደለም። የተሠሩት 200 ያህል ብቻ ስለ ነበሩ ነው። ማስረጃ ቢያስፈልግ ኮሞዶር 64ን እንመልከት። በ1982 በ595 ዶላር ወጥቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ስለ ተሸጠ ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል። ወንድሙ ኮሞዶር 65 ግን ገና በሙከራ ላይ ሳለ ቀረ፤ ኩባንያውም በ1994 ከሰረ። ጥቂቶቹ የሙከራ መሣሪያዎች ከሰው እጅ ገቡ። እነሆ፥ ታናሹ ከታላቁ እጅግ በልጦ ይሸጣል።

ከብርቅነቱ ቀጥሎ የሚጠየቀው ሙሉነቱ ነው። ካርቶኑ፥ የመመሪያው መጽሐፍና የኤሌክትሪክ ማቀበያው ሳጥን አብረው ከተገኙ ዋጋው ከፍ ይላል። ፕላስቲኩ ቢጫ መሆኑ ብዙ አያስደንግጥ፤ የሚያሰጋው የውስጡ ነው። ለምሳሌ በአሚጋ 2000 ውስጥ ያለው ባትሪ ሲያረጅ ፈሳሽ ያወጣና የመዳብ መስመሮቹን ይበላቸዋል። ስለዚህ ገዢ ሳይከፍት አይግዛ።

ከሁሉ የከፋው ግን ችኮላ ነው። ባለቤቱ «ይሠራል ወይ?» ለማለት ያህል ወዲያው ሶኬት ላይ ይሰካዋል። የኮሞዶር 64 የድሮ ማቀበያ ሳጥን ሲበላሽ በ5 ቮልቱ መስመር ከልክ ያለፈ ኃይል ስለሚልክ፥ 40 ዓመት የቆየውን መሣሪያ ባንድ አፍታ ሊያቃጥለው ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው። ሰብሳቢ የድሮውን ሳጥን ይፈልገዋልና አይጣል፤ መሣሪያውን ለማስነሣት ግን አዲስና የተመረመረ ማቀበያ ይፈለግ።

በመጨረሻም፥ ሻጭ የጠራው ዋጋ ዋጋ አይደለም፤ ገዢ የከፈለው ነው እንጂ። በተጠራው ብቻ ሀብቱን የሚቆጥር ሰው፥ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዳለው ሰው ነው።

እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምራለን። ገበያው ርካሽ ነው ያለው ኮሞዶር 64 ለብዙ ሺህ ልጆች የመጀመሪያው የፕሮግራም ትምህርት ቤት ነበረ። ዋጋው ትንሽ ነው ተብሎ ወደ ቆሻሻ የሚጣለው እርሱ ነው፤ ብርቅ የሚሆነውም እንዲህ ሲጣል ነው። ስለዚህ ከመጣላችን በፊት ሁለቱን ለይተን እንጠይቅ፦ ስንት ያወጣል? ምን ሠርቷል?