የቀበሌው ምርጫ የት ደረሰ?

ለጎንደር ከተማ ነዋሪም ሆነ ከሊማሊሞ ግርጌ በድብ ባሕር ለሚኖር ገበሬ፣ መታወቂያውን፣ መሬቱንና የውሃ ቦኖውን በቅርብ የሚነካው የፓርላማው ክርክር ሳይሆን የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ነው። ሕዝቡ ግን እነዚህን ምክር ቤቶች ለመጨረሻ ጊዜ የመረጠው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ሊካሄድ የነበረው ምርጫ ተራዘመ፤ የ2013ቱም ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ በቀር የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶችን አላካተተም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ግን ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል።

«ተኩስ ባለበት ምን ምርጫ?» የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ የአካባቢ ምርጫው የቆመው በ2015 ማብቂያ የአማራ ክልል ግጭት ከመባባሱ ዓመታት በፊት ነው። ሰላም እስኪወርድ የቀበሌው በጀት በነዋሪው ፊት ይነበብ፤ ሰላም ሲወርድም ምርጫ ቦርድ ከሁሉ አስቀድሞ የቀበሌውን ድምፅ መስጫ ቀን ይቁረጥ።