ስለ ስንዴ ዋግ ረቂቅ ዘርና ስለ ስሙ

ስንዴን የሚያጠፋው ዋግ ከሻጋታ ወገን የሆነ፥ ከሕያው ተክል ምግቡን እየወሰደ የሚኖር ጥገኛ ነው። አበባና ፍሬ ስለሌለው የሚራባው ስፖር በሚባል ረቂቅ ዘር ነው። አንዱ ስፖር ብቻውን በዐይን አይታይም፤ አርባ ያህሉ ቢደረደር ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም።

የግንድ ዋግ ስፖሩን የሚያፈራበት ቦታና መልክ እንደ ጊዜው ይለዋወጣል። በመጀመሪያ የስንዴውን ቆዳ ቀዶ ቀይ ቍስል ያወጣል፤ ዱቄቱን ነፋስ ወደ ሌላ ማሳ ይወስደዋል፤ እርጥበትና ተስማሚ አየር ሲያገኝ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት አዲስ ቍስል ያበቅላል። ሰብሉ ሲደርስ በቀዩ ፈንታ ወፍራም ቅርፊት ያለው፥ ባለ ሁለት ክፍል ጥቁር ስፖር ይተካል። ከጥቁሩ የሚወለደው ግን ስንዴን ትቶ ባርበሪስ የሚባለውን እሾሃም ቍጥቋጦ ይይዛል። በዚያም ቅጠል ላይ ትናንሽ ብርቱካንማ ጽዋዎች ያበጃል፤ ከጽዋዎቹ የሚወጣው ስፖር ወደ ስንዴ ይመለሳል።

የቀድሞ ሊቃውንት ስም የሚያወጡት በመልክ ስለ ነበረ፥ ቀዩን ኡሬዶ፥ ጥቍሩን ፑክሲኒያ፥ ጽዋውን ኤሲዲየም ብለው እንደ ሦስት ፍጥረት ጻፏቸው። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1865 ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ ዋጉን ከእህል ወደ ባርበሪስ፥ ከባርበሪስም ወደ እህል በማሻገር አንድ መሆናቸውን አስረዳ። ዛሬ ሁሉም ፐርሶን በ1794 ባወጣው ስም ፑክሲኒያ ግራሚኒስ ይባላሉ። ፑክሲኒያ የተባለው በኢጣሊያዊው ሊቅ በቶማሶ ፑቺኒ ስም ነው፤ ግራሚኒስም «የሣር» ማለት ነው።

ስምን ለይቶ ማወቅ ለገበሬው እንጀራ ነው። በ2010 ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ ብዙ ስንዴ ካጠፋ በኋላ፥ ቢጫውን የሚቋቋመው ዲገሉ የተባለ ዘር ተስፋፋ፤ በ2013 ግን የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ያንኑ ዘር መታው። አንዱን ዋግ የሚችል ዘር ሌላውን ላይችል ይችላል።

ስለዚህ «ዋግ ገባ» የሚል ወሬ የደረሰው ሹም ቀለሙንና የወጣበትን ስፍራ ይጠይቅ። በግንድ ላይ ረዘም ያለ ቀይ ቍስል ከሆነ የግንድ ዋግ፥ በቅጠል ላይ የተሰለፈ ቢጫ ከሆነ ቢጫ ዋግ፥ በቅጠል ላይ የተበተነ ክብ ቡናማ ነጥብ ከሆነ የቅጠል ዋግ መሆኑ ይጠረጠራል። ናሙናውንም በወረቀት ጠቅልሎ፥ ቀኑንና ቀበሌውን ጽፎ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ እርሻ ምርምር ጣቢያ ይላክ።