ዶክትሬት ለገበያ ሲቀርብ

ንፋስ መውጫ ላይ የድንች ነጋዴ የሚቸገረው ድንች አጥቶ አይደለም። ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ደጋ ናት፤ ገብሱም፣ ስንዴውም፣ ባቄላውም፣ ድንቹም አለ። ችግሩ ሁሉም በአንድ ሰሞን ቆፍሮ ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ማቆየት ያልቻለም በወደቀው ዋጋ ይሸጣል።

የማቆያው ዘዴ ለተመራማሪዎች አዲስ አይደለም። የዘር ድንች በቀጥታ ፀሐይ ሳያገኘው፣ ብርሃንና አየር በሚያስገባ መጋዘን በቆጥ ላይ ቢቀመጥ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል። ለምግብ የሚሸጠው ግን ጨለማና ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመራል፣ ሶላኒን የሚባል መርዝም ይበዛበታል። ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀመጠ ነጋዴ በገንዘቡ ላይ ፈርዷል። ይህን ለመረዳት ዶክትሬት አያስፈልግም፤ ለማስረዳት ግን ዶክትሬት ያለው ሰው ከላቦራቶሪ ወጥቶ በነጋዴ ቋንቋ መናገር ይኖርበታል።

ይህ በሌላው ዓለም ደመወዝ የሚቆረጥለት ሙያ ነው። የአሜሪካው የሳይንስ ዕድገት ማኅበር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሳይንስ ተማሪዎችን ለክረምት ወደ ጋዜጦችና ሬዲዮ ጣቢያዎች እየላከ ሲያሠለጥን ቆይቷል።

በእኛ አገር የሚቀርበው ምሳሌ የዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ነው። ኢኮኖሚክስ ሳይንስ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገሩ ደላላን የሚመለከት ስለሆነ ግን የዚህ ገጽ አንባቢ አያልፈውም። እ.ኤ.አ. በ1998 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያገኙበት ጥናት በኢትዮጵያ የእህል ገበያ ላይ ነበር። ደላላ ዋጋ አስወዳጅ ነው ተብሎ ሲታማ የኖረ ቢሆንም ጥናቱ ሌላ ገጽታውን አሳየ፤ የእህል ደረጃና አስተማማኝ ውል በሌለበት ገበያ፣ ነጋዴው ገዢና ሻጭ ፍለጋ የሚያወጣውን ወጪና የመታለል ስጋቱን የሚያቃልልለት የሚያምነው ደላላ መሆኑን።

ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ሊቀር ይችል ነበር። እሳቸው ግን በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋምና በዓለም ባንክ ከሠሩ በኋላ ጉዳዩን ወደ አደባባይ አወጡት። እ.ኤ.አ. በ2007 አሩሻ በተካሄደው የቴድ ጉባዔ ላይ፣ በገበያ እጦትና በረሃብ መካከል ያለውን ዝምድና ቀመር ለማያውቅ ታዳሚ አስረዱ። በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 550/1999 የኢትዮጵያ ምርት ገበያን አቋቋመ፤ ገበያውም ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በእሳቸው ሥራ አስኪያጅነት ሥራ ጀመረ። ዋጋ በገጠር ከተሞች በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳና በስልክ መነገር የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ሰሌዳ ግን ዋጋ ይናገራል እንጂ ምክንያት አያስረዳም። የምርት ገበያው ዋነኛ ሸቀጦች ቡናና ሰሊጥ ሆኑ፤ ቶሎ የሚበላሸው ድንች ለእንዲህ ዓይነቱ ግብይት አይመችም። ጋይንት የሚያስፈልጋት እንግዲህ የሚያስረዳ ሰው ነው። ጓሳ የተባለውን የድንች ዝርያ ያወጣው አዴት ምርምር ማዕከል እዚያው አማራ ክልል ውስጥ ነው፤ ደብረ ታቦርም ዩኒቨርሲቲ አላት። የምርምር ውጤቱ የሚታተመው ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው።

ባለሙያውን የሚያስቀረውም ሒሳብ ነው። በዩኒቨርሲቲ የማዕረግ ዕድገት ይበልጡን የሚመዘነው በጆርናል በወጣ ጽሑፍ ነው፤ በሬዲዮና በገበያ መሐል ሲያስረዳ የከረመ ዶክተር ከባልንጀሮቹ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ሙያውን በደመወዝ የሚቀጥሩት እንደ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ያሉ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ያላቸው ድርጅቶች ሲሆኑ፣ ቦታውም ጥቂት ነው።

ክፍያው ከነጋዴው ይምጣ ቢባልስ? አንድ የጭነት መኪና ድንች የተበላሸበት ሰው ሒሳቡን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ጥንቃቄ የሚፈልገው የከፋዩ ማንነት ነው። ዘር ሻጭ ብቻውን የቀጠረው ዶክተር የዚያን ሻጭ ዘር ማወደሱ አይቀርም። ገበሬውም ነጋዴውም በኅብረት ሥራ ማኅበርና በንግድ ምክር ቤት በኩል በጋራ ቢያዋጡለት ግን፣ «ዘንድሮ አትግዙ» የሚል ምክር ቢሰጥም እንጀራው አይቋረጥበትም።