ተረትና እውነታ፦ ያልተመለሰ ታካሚ ሁሉ ድኗል?

ተረት፦ «ሰው ሠራሽ ዳሌ ወይም ጉልበት የተገጠመለት ሰው በእግሩ ሄዶ ከሆስፒታል ከወጣ፣ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል።»

እውነታ፦ የተተካ መገጣጠሚያ የሚፈተነው በሳምንታት ሳይሆን በዓመታት ነው። ከአጥንቱ ሊላላ፣ ሊሸረሸር፣ ሊያመረቅዝ ወይም ሊወልቅ ይችላል። ከኢሉባቦሯ ዳሪሙ ተነስቶ፣ በመቱ አልፎ፣ አዲስ አበባ የታከመ ሰው ከዓመታት በኋላ ቢያመው ወደዚያው ሐኪም መመለሱ ያጠራጥራል፤ ሐኪሙም ያልመጣውን ሰው እንደ ዳነ ይቆጥረዋል። የታካሚዎች መዝገብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ማን፣ መቼ፣ በምን ሕመም፣ የትኛው ምርት እንደተገጠመለት ይይዛል፤ ያው መገጣጠሚያ በሌላ ሆስፒታል ዳግም ቢከፈት ሁለቱን ያገናኛል። ስዊድን የጉልበቱን መዝገብ በ1975፣ የዳሌውን በ1979 እ.ኤ.አ. ጀምራለች።

ተረት፦ «ጥሩ ስም ያለው ሆስፒታል የራሱን ውጤት ካሳወቀ ይበቃል።»

እውነታ፦ በ2019 እ.ኤ.አ. «ላንሴት» ላይ የወጣ ጥናት ሁለት የመረጃ ምንጮችን ጎን ለጎን አስቀምጧል። በየሆስፒታሉ ሪፖርቶች መሠረት ከተተኩ ዳሌዎች 78 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ፤ በብሔራዊ መዝገቦች ግን 58 በመቶ ያህሉ ብቻ። ሪፖርት የሚያወጣው በአብዛኛው የተዋጣለት ማዕከል ሲሆን፣ መዝገብ የሁሉንም ይቆጥራል። ጥቂት ታካሚ ያለው ሐኪም የምርት ጉድለትን ለብቻው ማየትም ይቸግረዋል። ኤ.ኤስ.አር. የተባለው የብረት ዳሌ በ2010 እ.ኤ.አ. ከዓለም ገበያ የተሰበሰበው ለ93,000 ያህል ሰዎች ከተገጠመ በኋላ ነው፤ የአውስትራሊያ መዝገብ ግን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምልክቱን አሳይቶ ነበር። «መዝገብ ሐኪሞችን ያስወቅሳል» የሚል ስጋት አለ። ከባድ ሕሙማንን የሚቀበል ሆስፒታል ከሌላው ጋር በደፈናው ቢነጻጸር ስጋቱ እውነት ይሆናል፤ ዕድሜና የሕመሙ ዓይነት አብረው የሚመዘገቡትም ንጽጽሩ ፍትሐዊ እንዲሆን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና መደበቁ ሐኪሙንም አይጠቅምም።

ተረት፦ «የታካሚዎች መዝገብ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው።»

እውነታ፦ ማላዊ ብሔራዊ የመገጣጠሚያ መዝገቧን በ2005 እ.ኤ.አ. ከፍታለች። በእኛም አገር ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል «ሳይን» በተባለው የአጥንት መጠገኛ ብረት የሚጠግናቸውን ስብራቶች ከነራጅ ምስላቸው በኢንተርኔት መዝገብ ያስገባል፤ ምትክ ብረት በነጻ የሚላከውም በተመዘገበው ልክ ነው። ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የስዊድን ዋና መለኪያ ዳግም ቀዶ ሕክምና ነው፤ ኢሉባቦር ላይ ያ መለኪያ ሊያሳስት ይችላል። መገጣጠሚያው ላልቶበት ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አቅም ያጣ ሰው በመዝገቡ ላይ «የተሳካለት» ሆኖ ይቀራልና። ይህ ግን መዝገቡን የሚያስቀር ሳይሆን መለኪያውን የሚያሰፋ ምክንያት ነው። በፋይዳ ቁጥር ታካሚውን መለየት፣ በየዓመቱ በስልክ፣ በኢሉባቦር ደግሞ በአፋን ኦሮሞ፣ «ያምሃል? ያለ ምርኩዝ ትሄዳለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ራጁንም መቱ ካርል ሆስፒታል እንዲነሳ ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ዳግም ቀዶ ሕክምና እንደ ልብ በማይገኝበት አገር፣ ታካሚውን ራሱን የማይጠይቅ መዝገብ የሚለካው የሕክምናውን ውጤት ሳይሆን የታካሚውን አቅም ነው።