«ጅቡቲ ይድረስ እንጂ»

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። አባታቸው ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ደብረ ብርሃን ላይ በባጃጅ ሐኪም ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ መስማቱ አንገበገበውና የ2016 እ.ኤ.አ. ሥሪት የሆነች ቤንዚን ቶዮታ ራቭ 4 ገዛላቸው። ከመግዛቱ በፊት «ተከልክሏል ይባላል፣ አጣራ» ብዬው ነበር። ያገኘው ደላላ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አሸነፈኝ፦ «ጅቡቲ ይድረስ እንጂ መውጫው አይጠፋም።»

መኪናዋ ጅቡቲ ደረሰች። መውጫው ጠፋ። የወደብ ኪራይ በየቀኑ ሲቆጠርባት ለወራት ቆይታ፣ በመጨረሻ እዚያው ለሚገኝ ነጋዴ ከተገዛችበት ባነሰ ዋጋ ተሸጠች። የመርከቡና የወደቡ ሲቀነስ እጁ ላይ የቀረውን ገንዘብ ለእኛም ሊነግረን አልፈለገም። አባትየው በየእሑዱ ስልክ ሲደወልላቸው «መኪናዋ የት ደረሰች?» ይሉ ነበር፤ ሁላችንም እየተያየን ዝም።

«መውጫው አይጠፋም» የሚለው እምነት ከሜዳ የበቀለ አይደለም። ለረጅም ዘመን እውነት ነበር። ወደ ኢትዮጵያ መኪና ማስገባት ውድ ነበር እንጂ ክልክል አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ እንደ ዕድሜውና እንደ ሞተሩ መጠን ከባድ ታክስ ሲጭን እንኳ፣ የተባለው «ትከፍላለህ» ነው እንጂ «አይገባም» አልነበረም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሒሳቡን ተማረ፦ ስንት ሲሲ ነው? ስንት ዓመቱ ነው? ወደብ ላይ የቆመ መኪና ማለት ገንዘብ የሚጠብቅ መኪና ማለት ነበር።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ አንዱ ምክንያት ሆኖ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው «ስንት ይከፈላል?» መሆኑ ቀርቷል። ሰዉ ግን እስከ ዛሬ በድሮው ሒሳብ ይከራከራል፤ በሌለ ዋጋ ይደራደራል።

ነገሩን ያወሳሰበው ሌላ ዜና አለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ገንዘብ ሚኒስቴር 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲያግድ አውቶሞቢልም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ የእነዚህ 38 ዕቃዎች ገደብ መነሣቱ ተነገረ። ይህን የሰማ ሰው «በቃ፣ መኪናም ተፈታ» ቢል አልፈርድበትም። ግን ሁለቱ ውሳኔዎች የተለያዩ ናቸው። አንደኛው ዕቃው በማን ዶላር ይገዛል የሚል ነው፤ ሌላኛው ምን ዓይነት መኪና ይገባል የሚል። የመጀመሪያው በር ቢከፈትም ሁለተኛው እንደተቆለፈ ነው። «በራሴ ዶላር፣ በፍራንኮ ቫሉታ ነው የማመጣው» የሚለው ክርክርም እዚሁ ላይ ይወድቃል። ፍራንኮ ቫሉታ ባንክ ምንዛሪ እንዳይጠየቅ ያደርጋል እንጂ የታገደን ዕቃ የተፈቀደ አያደርገውም።

ልቤን የሚያቃጥለው ይህን አሳምረው የሚያውቁ ሰዎች ዝም ማለታቸው ነው። የደላላው ድርሻ የሚከፈለው መኪናው ሲገዛ ነው። የላኪው ሒሳብ የሚዘጋው መርከብ ላይ ሲጫን ነው። መኪናው የጋላፊን ድንበር ተሻግሮ ገባ አልገባ፣ ሁለቱም ያገኙትን አግኝተዋል። ጅቡቲ ላይ ብቻውን የሚቀረው የገዛው ሰው ነው። ስለዚህ «መውጫ አለው» ለሚል ሰው አንድ ነገር ብቻ በሉት፦ ይህ መኪና፣ በዚህ ሻንሲ ቁጥር፣ እንደሚገባ ከጉምሩክ ኮሚሽን የተጻፈ ወረቀት አምጣ፤ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይላካል። የወንድማችን ደላላ ይህን ቢጠየቅ ኖሮ በዚያው ቀን ስልኩን ይዘጋ ነበር።

እገዳው ልክ ነው ወይ ለሚለኝ፣ ልቤ ሁለት ነው። መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖሩ አዛውንት ኤሌክትሪክ መኪና ግዙ ማለት ቀላል አይደለም። ግን ሕጉን አለመውደድ ሌላ፣ ሕጉ የለም ብሎ የሰው ጥሪት መርከብ ላይ መጫን ሌላ።

ሌሎቹ እምነቶች ይህን ያህል ቤት አያፈርሱም፤ ቢሆንም ኪስ ያራቁታሉ።

«ቢጫ ካርድ ስላለኝ ከቀረጥ ነፃ አስገባለሁ» የሚል አለ። በአገራችን ቢጫ ካርድ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ነው፤ ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን የመሳሰሉ መብቶች ይሰጣል፤ መኪና ከቀረጥ ነፃ የማስገባት መብት ግን የለበትም። ሌላው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ነው፤ እሱ ድንበር ለሚሻገር መኪና በዋናነት የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው፣ ስለ ቀረጥ የሚለው ነገር የለም። ሁለቱንም ይዞ የመጣ ሰውም ቀረጥ ይጠየቃል።

«ታክሶቹን መቶኛቸውን ደምር፣ ያ ነው የምትከፍለው።» አይደለም፤ አንዱ በሌላው ላይ ነው የሚቆለለው። መኪናው ከነማጓጓዣውና ከነመድኑ 100 ብር ነው እንበል። የጉምሩክ ቀረጡ 35 በመቶ ቢሆን 135 ይደርሳል። ኤክሳይዙ 100 በመቶ ቢሆን የሚሰላው በ135ቱ ላይ ነው፤ 270 ሆነ። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ በ270 ላይ፣ 310.50። ሱር ታክሱ 10 በመቶ በዚያ ሁሉ ላይ፣ 341.55። መቶኛዎቹን ብቻ የደመረ ሰው ግን 260 ይዞ ነው የሚመጣው። የ81 ብሩ ልዩነት ሚሊዮን ላይ ሲሆን አስቡት። በዚያ ላይ ጉምሩክ የተጠራጠረውን የግዢ ደረሰኝ እንዳለ የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ ዋጋውን በሌላ ዘዴ ሊተምን ይችላል። ዝቅ አድርጎ የተጻፈ ደረሰኝ ቀረጥ አያድንም፤ ጣጣ ነው የሚያመጣው።

«ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ነው፣ በውክልና ንዳው፣ ስሙ በኋላ ይዞራል።» መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መጀመሪያ መከፈል አለበት፤ ያ ሳይሆን ስም አይዞርም። ሊብሬውን አንብቡ። ዴክላራሲዮኑን ጠይቁ። በውክልና የተያዘ መኪና ወካዩ ሲሞት ወይም ሐሳቡን ሲቀይር ምን እንደሚሆን ጠበቃ ጠይቁ።

አገር ውስጥ ካሉት አሮጌዎች መካከል ስለ ቪትዝ አንድ ነገር ልበል፤ በየጋራዡ እያየሁት ዝም ማለት አልቻልኩም። «ከዱባይ የመጣ ነው፣ መሪው ከፋብሪካው ጀምሮ በግራ ነው» ይላል ሻጩ። በእነዚህ አሮጌዎቹ ላይ ቪትዝ የሚለው ስም ለጃፓን ገበያ የወጣ ነው፤ ጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። በግራ መሪ የተሠራው ወንድሙ ያሪስ ይባላል። ስለዚህ እውነተኛ ቪትዝ ሆኖ መሪው በግራ ከሆነ፣ አንድ ሰው አንድ ቦታ ዳሽቦርዱን ነቅሎ መሪውን አዛውሮታል። በደንብ የተዛወረ አለ፤ እንደ ነገሩ የተበየደም አለ። አንድ መካኒክ በባትሪ ብርሃን ከፔዳሎቹ በላይ ሲያሳየኝ፣ የሞተሩን ክፍል ከእግር ማስቀመጫው የሚለየው ላሜራ ተቆርጦ ጠርዙ እንኳ ሳይሞረድ የመሪው ዘንግ በመሃሉ አልፏል። ለማወቅ ግን መካኒክ መሆን አያስፈልግም።  ማታ ግድግዳ ፊት አቁሙትና አጭሩ መብራት ከፍ ብሎ ወደ ግራ የሚያዘነብል ከሆነ በግራ መስመር ለሚነዳበት አገር የተሠራ ነው። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምንነዳው፤ ያ መብራት ከፊት በሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው። ኤርባጉ መኖሩንም በዚያው አረጋግጡ።

የመጨረሻው «ኤሌክትሪክ ከሆነ ምንም ጣጣ የለውም» የሚለው ነው። የታክሱ ጫና በእርግጥ ቀልሎ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በወጣው መመሪያ ሙሉ ለሙሉ ተገጣጥሞ የሚመጣ ኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ተደርጎ ነበር። ጣጣው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳው የቻይና ነው፣ ስክሪኑም ብዙ ጊዜ ቻይንኛ ነው የሚናገረው። የአሜሪካው መሰኪያ ከቻይናውም ከአውሮፓውም ይለያል፤ ከመኪናው ጋር የሚመጣው የቤት ገመድም ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ የእኛ ቤት 220 ነው። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ኪሎ ሜትሩን ትታችሁ ባትሪው ከአዲስነቱ አቅም ምን ያህል እንደቀረው የሚያሳይ ምርመራ ጠይቁ።

ወንድማችን ባለፈው ወር እንደገና ደወለ። አሁን የሚያየው ኤሌክትሪክ ነው። በዚህ ጊዜ ከመኪናው ፎቶ በፊት የላከልን የቻርጅ መሰኪያውን ፎቶ ነው። እኛም አባትየው ግቢ ሄደን የመብራት ቆጣሪውን ፎቶ አንሥተን ላክንለት፤ ደላላውን ከመስማታችን በፊት ሁለቱን ፎቶዎች ለኤሌክትሪክ ባለሙያ አሳይተን መልሱን እየጠበቅን ነው።